የፍስክ ምላስ

«ፍሪጁ ይቀራል፣ መጋረጃዎቹም ይቀራሉ፣ ከወደድካት ኢትዮጵያዊቷም ትቀርልሃለች» አለች ማዳም በስልክ። ዘነበወርቅ ከወጥ ቤቱ በር ወዲህ አጎንብሳ የጫማዋን ክር እያሰረች ነበር። ሐሙስ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ እንደ ወትሮዋ በጠዋት ወጥታ፣ ሐይቁ ዳር ትንሽ ተቀምጣ፣ ከሰዓት በኋላ ከማኅበሯ ሴቶች ጋር ለመገናኘት ነበር ሐሳቧ። ፈረንሳይኛዋ ከገበያና ከትእዛዝ ብዙም አያልፍም፤ ፍሪጅና መጋረጃ የሚሉትን ግን የማታውቅበት ምክንያት የለም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ የወለወለችውና ያጠበችው እሷ ናት። ያናደዳት ከዕቃ ጋር መቆጠሯ ብቻ አልነበረም። ሦስተኛ ሆና መቆጠሯ ነው። ፍሪጁ እኮ የተገዛው ገና አምና ነው።

ማዳም ስልኩን ዘግታ ስትገባ አንድ ነገር ልትለምን ስትል የምታመጣውን ፈገግታ ይዛ ነበር። ባሏ የዲፕሎማትነት ዘመኑን ጨርሶ በወሩ መጨረሻ ቤተሰቡ ጠቅልሎ ወደ አገሩ ይመለሳል። ቤቱን የሚረከበው አሜሪካዊ ዲፕሎማት ዛሬ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሊያየው ይመጣል። ሰውዬው ፊላደልፊያ ከምትባል ከተማ ነው፤ ስዊዘርላንድ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በነዚህ ሁለት ዓመታት የጄኔቭን ሳንድዊች ቤት ሁሉ አስሶ አንድ ጥሩ ቺዝስቴክ አጥቷል፤ በየግብዣው የሚያወራውም ይህንኑ ነው። «እሱን ሥሪለት» አለች ማዳም። «ከወደደው ይወስድሻል። ካልወደደው ግን እኔ ሌላ ሰው አላውቅልሽም።» ቺዝስቴክ ምን እንደሆነ ስትጠየቅ ሦስት ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈች፦ ሥጋ፣ አይብ፣ ዳቦ። ከዚያ የዕረፍት ቀንሽን ስለነካሁብሽ ይቅርታ ብላ ጥፍሯን ልትቀባ ሄደች።

ነገሩ የሥራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዘነበወርቅ የመኖሪያ ፈቃድ በዲፕሎማቱ በኩል የተሰጠ ካርት ነው። ዲፕሎማቱ ሲሄድ ካርቱ ይመለሳል፤ በቶሎ ሌላ ካርት የሚያወጣላት ቤት ካላገኘች እሷም አገር ትለቃለች። ወዴት? አዲስ አበባ ያሉት እናቷ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗል፤ የቀበሌውም ቤት ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ዕድሜዋ አርባ ሦስት ነው፤ እንደገና ከዜሮ ለመጀመር ጉልበቱ የላትም፣ ፍላጎቱም የላትም። ሁለት ወር ሙሉ በማኅበሩ ሴቶች በኩል ቤት ስታፈላልግ ከርማ የተገኘው ይኸው አሜሪካዊ ብቻ ነው።

በዚያ ላይ ሁዳዴ ነው። ፈረንጆቹ ፋሲካቸውን ካከበሩ ሦስት ሳምንት ሊሆናቸው ነው፤ የእሷ ገና አሥር ቀን ይቀረዋል። በጾም ወራት የምትሠራውን ፍስክ አትቀምስም። የለመደችውን ምግብ እጇ ያውቀዋል፤ ጨውን በመዳፏ፣ ብስለቱን በአፍንጫዋ ትለካለች፣ በሰባት ዓመት ውስጥም ጨው በዛ ያላት ሰው የለም። የማታውቀውን ምግብ ግን እጅም አፍንጫም አያውቁትም፤ ምላስ ያስፈልጋል። ጄኔቭ ውስጥ የምታምናቸው ምላሶች ሁሉ ደግሞ እንደሷው ጾመኞች ናቸው። ፈረንጅ እንዳትጠይቅ፣ ፈረንጅ የሰጡትን በልቶ «ሴ ቦን»፣ ጥሩ ነው፣ ይላል እንጂ ምኑ እንደጣመው አይናገርም።

ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ አካባቢ ሁለት ሳንድዊች ቤት ገባች። በመጀመሪያው ቤት ቅቤ የተቀባ ረጅም ዳቦ ከአሳማ ሥጋ ጋር መስታወት ውስጥ ተደርድሯል፤ ሻጯ ቺዝስቴክ የሚባል ነገር ስትጠየቅ ትከሻዋን ሰብቃ ወደ ሌላ ገዢ ዞረች። ሁለተኛው ቤት ውስጥ ያለው ፖርቱጋላዊ ግን ሰው አክባሪ ነበር፤ እጁን በሽርጡ ጠርጎ በደንብ አሰበበት። አይብ ያለው አይብ ቤት ነው፣ ሥጋ ያለው ሥጋ ቤት ነው፣ ሁለቱን ትኩስ ዳቦ ውስጥ የሚያጋባ ሰው ጄኔቭ ውስጥ አላውቅም አላት። ዙሪክ ግን አለ። የአጎቱ ልጅ ቪዲኮን በሚባል ሰፈር የአሜሪካ ሳንድዊች ይሸጣል። ይህን ብሎ አድራሻውን በሶፍት ላይ ጻፈላት። ቪዲኮን ሲል ዘነበወርቅ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። ታናሽ እህቷ ሕብስት የምትኖረው ቪዲኮን ነው።

ከሕብስት ጋር ተጣልተዋል ማለት አይቻልም። በዓል ሲመጣ ይደዋወላሉ። ሕብስት ዙሪክ በገባች በዓመቷ ጌታን ተቀበልሁ ብላ ከጥቂት ሐበሾች ጋር በኪራይ አዳራሽ መዘመር ጀመረች፤ ነህምያ የሚባል እንደሷው ጴንጤ የሆነ ሰውም አገባች። ዘነበወርቅ ይህን ሁሉ እንደምንም ዋጠችው። ያልዋጠችው የእናታቸውን ተዝካር ነው። ጄኔቭ ላይ አዳራሽ ይዛ፣ ቄስ አስመጥታ፣ ማኅበሩን ሁሉ ጠርታ ስትደግስ ሕብስት «እናቴን በልቤ አስባታለሁ፤ ተዝካር ግን አልበላም» ብላ ቀረች። ሰው ሁሉ እህትሽስ ሲላት ዘነበወርቅ አሟት ነው እያለች ስትዋሽ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲደዋወሉ የሚያወሩት ስለ ብርድና ስለ ዝናብ ነው። ባለፈው ወር ብቻ የካርቱ ነገር አምልጧት ነግራታለች፤ ሕብስትም «እንጸልያለን» አለች። የሰዎቹ ልማድ ነው ብላ አለፈችው።

ከጣቢያው ስልክ ደወለች። «አንድ ነገር እንድትበዪልኝ ፈልጌ ነው» አለች ሰላምታውን ቶሎ ጨርሳ።

«ምን?»

«ሥጋ በአይብ። ሳንድዊች ነው። የሚወስደኝ ሰው ዛሬ ማታ ሥሪልኝ ብሏል፤ እኔ ደግሞ ጾም ላይ ነኝ። እናንተ እንደሆነ ጾም የላችሁም።»

ሳንቲሙ ሲንቋቋ ይሰማል። ዘነበወርቅ መስመሩ የተቆረጠ መሰላት። «ዛሬ የግድ ነው?» አለች ሕብስት ቆይታ።

«ካርቴ ነው ሕብስት።»

«ነይ በቃ። ሽሚዴ የሚባለው የትራም ማቆሚያ ላይ እጠብቅሻለሁ» አለች።

ባቡሩ ሦስት ሰዓት ላይ ተነሣ። ዘነበወርቅ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፤ ሐይቁ በስተቀኝ ነበር፤ ጉም ስለለበሰ የወዲያኛው ዳር አይታይም፣ ውኃና ሰማይ የት ላይ እንደሚለያዩ አይታወቅም። ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። ጾሙ እዚህ ሲደርስ ረኃብ ረኃብነቱን ትቶ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ሰውነት ይቀላል፣ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል፣ ሰዎች ሲናገሩ አፋቸው ይቀድምና ቃላቸው ይከተላል። ከሎዛን በኋላ ባቡሩ የወይኑን እርከን ይዞ ሽቅብ ሲወጣ ሐይቁ ከታች እየራቀ፣ እየራቀ ሄደና ዋሻ ውስጥ ሲገቡ እልም አለ። ጨለማው ውስጥ እናቷ ከፊት ለፊቷ ተቀምጠው አየቻቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው የባቡር ቲኬታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ተቆጣጣሪው እንዳያልፋቸው የፈሩ ይመስላሉ። ዘነበወርቅ ወዴት ነው እማዬ ልትላቸው አሰበች፤ ግን የሚሄዱበትን ጠይቆ ማሳፈር መሰላትና ተወችው። ከዋሻው ሲወጡ ወንበሩ ላይ አንድ ወጣት ወታደር ቦርሳውን ታቅፎ ተኝቷል፣ ሜዳው ላይ ላሞች ቆመዋል፣ ፀሐይ ወጥቷል። እስከ ዙሪክ ድረስ ዓይኗን አልጨፈነችም።

ሕብስት ሽሚዴ ላይ ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ ቆማ ነበር። ሚያዝያ ለኮት አይበርድም። ተሳሳሙ፤ ከዚያ ሁለቱም ትራሙ የሄደበትን አቅጣጫ አዩ። «ከሳሽ» አለች ዘነበወርቅ። «ሥራ ነው» አለች ሕብስት። ከሰዓት በኋላ አድሊስቪል አንድ ትምህርት ቤት ታጸዳለች፤ ለዛሬ ከሌላ ሴት ጋር ተለዋውጣለች። ይህን ያህል ከተነጋገሩ በኋላ የፖርቱጋላዊውን ሶፍት ዘርግተው መንገድ ጀመሩ። ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው፤ ከፎቆቹ ሥር ሰዓት ጠጋኝ፣ የልብስ ንጽሕና መስጫ፣ ዳቦ ቤት ተደርድሯል። ጥቁር ኮትና ጥቁር ባርኔጣ ያደረጉ አባቶች ልጆቻቸውን በመስመር አስከትለው ያልፋሉ። የተከፈተ መስኮት ላይ አንዲት ሴት ትራስ ታራግፋለች። ዘነበወርቅ እግሯ መሬት የረገጠ አይመስላትም፤ ከተማው ሌላ ሰው ያለመው ሕልም ሆኖባት እሷ በእንግድነት የገባች መሰላት።

የአጎት ልጁ ሳንድዊች ቤት ግድግዳው ላይ የአሜሪካ ባንዲራ ሰቅሎ፣ ጠረጴዛው ላይ አበባ አስቀምጦ፣ ለአንድ ሳንድዊች አሥራ አራት ፍራንክ ይጠይቃል። ዘነበወርቅ በዋጋው ደነገጠች፤ ግን ውድ ከሆነ ጥሩ መሆን አለበት ስትል አጽናናች ራሷን። ሥጋው ወፍራም ነው፣ አይቡ ግሩየር የሚባለው ጥሩው የስዊዝ አይብ ነው፣ ዳቦው ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ሕብስት ሳንድዊቹን በሁለት እጇ ያዘችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ጀመር። ቆየች። በጣም ቆየች። አጠገባቸው ያሉት ሰዎች ዞር ብለው አዩዋት፤ ዘነበወርቅ አፈረችባት። ለአንድ ጉርሻ ይህን ሁሉ ጸሎት፣ ለማን ለማሳየት ነው አለች በሆዷ። ሕብስት በመጨረሻ ቆረሰችና ቀስ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ አላመጠች።

«እሺ?»

«ጥሩ ነው» አለች ሕብስት። «ግን እያንዳንዱ ለየብቻው ነው የሚናገረው። አይቡ ሥጋውን አያውቀውም። ዳቦው ሁለቱንም አያውቃቸውም።»

ሌላ ጉርሻ እንድትጨምር ዘነበወርቅ ለመነቻት፤ ጨመረች። የቀረውን በወረቀት ጠቅልላ ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

እንግዲህ መፈለግ ነው። ዘነበወርቅ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ ሕብስት ከኋላ ትከተላለች። አንድ ጥግ ላይ ንጹሕ፣ ነጭ መጋረጃ ያለው ምግብ ቤት ስታይ ሕብስት «እዚያ አይሆንም» ከማለቷ በፊት በሩን ገፍታ ገባች። ከባንኮኒው በስተጀርባ ጺማቸው ደረታቸው የደረሰ ሽማግሌ ቆመዋል። ዘነበወርቅ በፈረንሳይኛ ሥጋ አለች፣ አይብ አለች፣ ሁለት መዳፏን አንድ ላይ አጣብቃ አሳየቻቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም። መዳፎቿን አይተው በዝግታ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ የራሳቸውን ሁለት እጆች አራርቀው አንዱን በስተግራ፣ አንዱን በስተቀኝ አስቀመጡ። የአይሁድ ምግብ ቤት መሆኑ ያኔ ገባት። ሥጋና ወተት አይቀላቅሉም፤ ድስቱ እንኳ ለየብቻ ነው። ዘነበወርቅ ፊቷ እሳት ሆነ። ወደ ራሷ እያመለከተች በቆራጣ ፈረንሳይኛዋ እኔም ጾም ላይ ነኝ፣ ለሌላ ሰው ነው አለቻቸው። ሽማግሌው ይግባቸው አይግባቸው እንጃ፣ እስከ በሩ ሸኟቸው፤ ለሁለቱም እኩል ጎንበስ አሉላቸው።

ውጪ እንደወጡ ዘነበወርቅ ለረጅም ጊዜ ያልሳቀችውን ሳቅ ሳቀች፤ ሕብስትም ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ መልሰው ዝም አሉ። ዘነበወርቅ ደግሞ ዝምታ ላይ ጥሩ ነገር መናገር አይሆንላትም። «እንዳው ግን አንቺ በሁዳዴ ሥጋ ስትበይ ምንም አይሰማሽም?» አለች። «እማዬ ብታይሽ ምን ትል ነበር?»

ሕብስት የኮቷን የላይኛ ቁልፍ ነካካች። «እህትሽን እርጃት ነበር የምትለኝ» አለች፣ ቀድማትም መሄድ ጀመረች።

ሦስተኛውን ቤት ያገኘችው ሕብስት ናት። ከጎልድብሩነን አደባባይ ጀርባ፣ አንድ የብስክሌት መጠገኛ ጎን፣ አራት ወንበር ብቻ ያለው ጠባብ ቤት ነው። ባለቤቱ ትልቅ ሆድ ያለው ሽማግሌ ስዊዝ ነው። ሕብስት በስዊዝ ጀርመንኛዋ አናገረችው፤ ፊላደልፊያ የሚለውን ስም ሲሰማ እጁን ከምድጃው ላይ አነሣ። በወጣትነቱ እዚያ ከተማ አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ አራት ዓመት ሠርቷል። ሳይለምኑት ማሳየት ጀመረ፤ ሕብስት ታስተረጉማለች። ሥጋው ግማሽ በግማሽ በረዶ ሆኖ መቆረጥ አለበት፣ ያለዚያ እንዲህ አይሳሳም። ቀይ ሽንኩርቱ ቀድሞ ይገባል። ሥጋው ብረቱ ላይ እያለ በሁለት ጠፍጣፋ መገልበጫ ይከተከታል። አይቡ ከላይ ይነጠፋል፤ ከዚያ ለስላሳው ዳቦ ተከፍቶ በላዩ ላይ ይደፋል፣ እንፋሎቱን ይጠጣል፣ ከዚያ ተገልብጦ ይነሣል። አይቡ ምን ዓይነት እንደሆነ ስታይ ዘነበወርቅ ልቧ ወረደ። በፕላስቲክ የተጠቀለለ፣ ብርቱካን የመሰለ ስስ አይብ ነው፤ ማንኛውም ሱቅ ውስጥ ለልጆች ቶስት ተብሎ የሚሸጠው።

ሕብስት አሁንም ፊቷን አዞረች፣ አሁንም ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ዘነበወርቅ በዚህኛው ጊዜ ሰዓቷን እያየች ጠበቀቻት። ሕብስት ቆረሰች፣ አላመጠች፣ ቆመች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ሳትጠየቅ ሌላ ቆረሰች፣ ሌላም ጨመረች፣ ግማሹን ጨረሰች።

«ይኸው ነው» አለች።

«ምኑ? አይቡን አላየሽውም እንዴ? ለዲፕሎማት ይህን ላቅርብለት?»

«አንቺ ቅመሽ ብለሽኛል፤ ቀመስሁ። ያኛው የሚታይ ነው። ይኸኛው የተራበ ሰው እንዲበላው የተሠራ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«አትጠይቂኝ» አለች ሕብስት፣ አፏንም በሶፍት ጠረገች።

ሽማግሌው አራት ለስላሳ ዳቦና አንድ ፓኬት አይብ ሰጣቸው፤ ዋጋ አልቀበልም ብሎ ሥጋውን ከየት እንደሚገዙ ብቻ ነገራቸው፤ ሥጋውንም ገዝተው ወደ ባቡር ጣቢያው አመሩ። የባቡሩ በር ሊዘጋ ሲል ሕብስት አንድ ከረጢት በመስኮት አቀበለቻት። ሁለት ፖምና ደረቅ ዳቦ ነበር። «ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ብዪ» አለቻት። ዘነበወርቅ አመሰግናለሁ ልትል ስትል ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። መድረኩ ላይ ሕብስት አንድ እጇን አንሥታ፣ ሌላውን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆማ ትታያለች። ዘነበወርቅ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፖሙን በላች፤ ከበርን ወዲህ ያለውን መንገድ ግን አታስታውሰውም። ሜዳው፣ ላሞቹ፣ ዋሻው፣ ሁሉም ወደ ኋላ እየተጠቀለለ አለፈ፤ ከዋሻው ሲወጡ ሐይቁ ጉሙን ገፍፎ፣ ፀሐይ ጠግቦ ከታች ተኝቶ ጠበቃት። ያኔ ብቻ ፈራች።

ጄኔቭ፣ ሻምፔል ሰፈር ካለው የማዳም ቤት ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሥጋውን በረዶ ውስጥ ከተተችው፣ ሽንኩርቱን ከተፈች። ከዚያ ፍሪጁን ከፍታ ቆመች። የማዳም ግሩየር ከመካከለኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ አንድ ዓመት ተኩል የቆየ፣ ራሷ ዘነበወርቅ መርጣ ያመጣችው። የሕብስት አይብ ከጎኑ ነው። ማዳም ገብታ አየችውና «ይህን? ለእንግዳ?» አለች፤ ከዚያ ግሩየሩን በራሷ እጅ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዘነበወርቅ ሁለቱን ተራ በተራ አየች። የሚያውቅ ሰው ቢጠይቃት ግሩየሩን እንደምትመርጥ ታውቃለች፤ ዓይኗም እጇም የሚሉት እሱን ነው። የወዲያኛውን የሚለው የአንዲት ሴት ምላስ ብቻ ነው፣ ያውም ሁለት ዓመት ሙሉ ያላመነቻት ሴት። ሆድሽ ተርቦ ነው እንዳትል ደግሞ ሕብስት ጾም አትጾምም። ሰዓቱ አሥራ ሁለት ተኩል ሲል ግሩየሩን መልሳ ፍሪጅ ውስጥ ከተተችው። ማዳም ትከሻዋን ሰብቃ ወጣች።

አሜሪካዊው ረጅም፣ ፀጉሩ የሳሳ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነበር። ክፍሎቹን አየ፣ መጋረጃውን በጣቱ ነካው፣ ፍሪጁን ከፍቶ ዘጋው። ሽታው ሲደርሰው ግን ወሬውን አቋርጦ ወጥ ቤት ገባና ሳሎን የተዘረጋውን ጠረጴዛ ትቶ ምድጃው አጠገብ ቆሞ መብላት ጀመረ። ክራባቱ ላይ ዘይት ተንጠባጠበ። ግማሹን እስኪጨርስ ዘነበወርቅ የሽርጧን ጫፍ ይዛ ቆማ ታየዋለች። ከዚያ ሳንድዊቹን አስቀመጠና በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ተመለከተ። አባቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ በወረቀት ጠቅልሎ የሚያመጣለት ይህንኑ ነበር አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ይህን አይብ ማን ነገረሽ ብሎ ጠየቀ። «ማ ሰር» አለች ዘነበወርቅ። እህቴ። ቀሪውን ግማሽ ወደሷ ገፋላት፤ ማዳም ቶሎ ብላ ጾማቸው ነው፣ የነሱ ፋሲካ ገና ነው አለችው። እሱም ገባኝ አለና ያንኑ ግማሽ መልሶ አንሥቶ በላው። አፉን ሲጠርግ ለማዳም «እወስዳታለሁ፣ የካርቱን ነገር ሰኞ እጀምራለሁ» አላት። ለዘነበወርቅ አልነገራትም። ዘነበወርቅ ተናደደች፤ ደግሞም በጣም ደስ አላት። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ይሆናሉ ብላ አስባ አታውቅም።

እንግዳው እንደወጣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ መንገዱ ማዶ ወዳለው የስልክ ሳጥን ወረደች። ሰማዩ ገና አልጨለመም፤ የሳሌቭ ተራራ ጫፍ ቀይ ነበር። ስልኩን ያነሣው ነህምያ ነው።

«እትዬ ዘነበወርቅ፣ እንደምን አመሹ?»

«ሕብስትን አገናኘኝ።»

ነህምያ ከዳነ ጀምሮ ውሸት አይናገርም፤ የማይፈልጉት ሰው ሲደውል የለችም በል ቢሉት እንኳ እንደማይል ወሬው ጄኔቭ ድረስ ደርሷል። «ተኝታለች በል ብላኛለች» አለ። «ግን አልተኛችም። ሆዷን አሟት ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች።»

«ከሳንድዊቹ ነው?»

«ከሳንድዊቹ ነው እንግዲህ። ሦስት ቀን ባዶ የዋለ ሆድ ሥጋና አይብ አይችልም።»

«የምን ሦስት ቀን?»

«ጾም ይዛ ነበር እኮ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ውኃ ብቻ። አልነገረችዎትም?» ያላሰበበት ቦታ መግባቱ ገባው፤ ከገባ በኋላ ግን መውጫ አላወቀበትም። «ለእርስዎ ካርት ነበር» አለ።

ዘነበወርቅ የስልኩን ሳጥን መስታወት በመዳፏ ተደገፈች። በሕይወቷ እንዲህ አፍራ አታውቅም። ጾም የላችሁም ያለችበት ድምፅ፣ የራሷ ድምፅ፣ ከጠዋቱ ባቡር ጣቢያ ድረስ ተመልሶ ጆሮዋ ላይ ጮኸባት። ነህምያ ሃሎ፣ ሃሎ ይላል። «ስጣት» አለችው። የሶፋ ሲጥታ፣ የእግር ኮቴ፣ የስልክ ገመድ መጎተት ተሰማ።

«ወሰደሽ?» አለች ሕብስት። ድምፅዋ የደከመ ነው።

«ወሰደኝ።»

«ተመስገን።»

ዘነበወርቅ ይቅር በዪኝ ማለት ፈልጋ ነበር፤ አፏ ውስጥ አዘጋጅታው ነበር፤ ሲወጣ ግን ሌላ ሆኖ ወጣ። «የእናንተ ጾም ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚፈታው?» አለች። ይህን ያህል ዓመት ጴንጤ ሆና የኖረች እህቷን እንዲህ ያለ ነገር ጠይቃት አታውቅም።

«ይኼኛው አይፈታም። እስከ መጨረሻው ውኃ ብቻ ነው።»

«ስንት ቀን ቀርቶሽ ነበር?»

«ሁለት። ዛሬና ነገ።»

«እንግዲያው ሁለቱን እኔ እጾማለሁ። ከአሁን ጀምሬ፣ ውኃ ብቻ።»

«ለምን?» አለች ሕብስት። «ካርቱ ተገኘ አይደል እንዴ። ለምን ብለሽ ነው የምትጾሚው?»

«ላንቺ ሆድ ነዋ።»

ሕብስት መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋን ልትይዘው ትሞክራለች፣ ያመልጣታል፣ መልሳ ታቃስታለች። «አታስቂኝ በእናትሽ» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «አታስቂኝ፣ ያመኛል።»